የአቶ አምስተኛ ሰባት አባቶች

ማክሰኞ፣ ጥር 13

«አምስተኛ ማለት ነው» አለኝ። ስሙ! የሰው ስም! ዓመት ሙሉ «ዲዉ፣ ዲዉ» እያልኩ የጠራሁት ልጅ ለካ ቁጥር ኖሯል።

ሽማግሌው እኔ ነኝ። ይህን እዚህ ላይ አስቀድሜ ልጻፈው፤ ነገሩ የተበላሸ ዕለት ማን እንዳበላሸው ታሪክ አይቸገር። የእህቴ የአልማዝ ልጅ ምሕረት ሚኤሶ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዲዉ የቻይና ሰው ነው፤ እዚያው ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ይጠግናል። ወባ ይዞት መድኃኒት ሊገዛ ገባ። ወባው ለቀቀው፤ እሱ ፋርማሲውን አለቀቀም። ሊያገባት ሲነሣ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ በዚህ ምድር የለውምና እኔን ለመነ። እኔም ልቤ ለስላሳ፣ ምላሴ ፈጣን፣ እሺ አልኩ። የሙሽራዋ አጎት የሙሽራው ሽማግሌ! ባለፈው እሑድ በገዛ እህቴ ሳሎን በር ላይ እንደ እንግዳ ቆሜ፣ በዋዜማው መዶሻ ያዋሰኝን የእህቴን ባል ግርማን «እርስዎ» ብዬ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አልኩት።

ግርማ አልሳቀም። ግርማ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ በክርስቶስ ዘርና ጎሣ ቀረ እያለ እስኪያልበው ያስተምራል። የሃይማኖቱን ሰበብ ዲዉ ራሱ አምና ቀምቶታል፤ አምኖ፣ ተምሮ፣ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ተጠምቋል። ሰበብ ያጣው ግርማ ወደ አባቱ ዘመን ተመለሰና ፈረደ፦ «ሰባት አባቱን ቆጥሮ ይምጣ። ራሱ ይምጣ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አልሰጥም።»

ከቻይና ጋር! ምን ፈርተህ ነው ግርማ፣ የአጎትህ ልጅ እንዳይሆን? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌ ነኝና ዋጥኩት።

ቀጠሮው የፊታችን እሑድ ነው። አባቶቹን ልጠይቅ ዛሬ ስልክ ብደውል ይሄን ቁጥር ሰማሁ። አምስተኛ። እንግዲህ አራቱ የት አሉ?


ረቡዕ፣ ጥር 14

ዲዉ ከሚኤሶ በሚኒባስ መጣ። ታፔላ የምጽፍበት ቤቴ ውስጥ የቀለም ጣሳዎቼን ደርድሮ ታሪኩን ነገረኝ። አማርኛው ከሐዲድ ሠራተኞች የተለቀመ ስለሆነ እኔ አቃንቼ እጽፈዋለሁ።

ድሮ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይሆናል፣ ከባሕር አጠገብ አንድ መንግሥት ነበር። የነገሡበት ቤት ቲየን ይባላል። ያ መንግሥት ወደቀ። ከዚያ የጣለውም ወደቀ። (ይሄን ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ይሄን ያህል ታሪክ ሳልማርም አውቃለሁ።) ኋላ የመጣው ንጉሥ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያስበው፣ የድሮ ባላባቶች በየአገራቸው ተቀምጠው አንድ ቀን ይነሡብኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ጠራርጎ ዓይኑ ሥር፣ ዋና ከተማው አጠገብ አሰፈራቸው።

«ሰፈራ!» አልኩ። «በቃ ገባኝ፤ ቀጥል።»

ቲየኖቹ ግን እጅግ ብዙ ሆኑ። ሁሉንም ቲየን ብሎ መጥራት ለአስፋሪው አልመች አለው። እንደየተራቸው ስም አወጣላቸው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እያለ እስከ ስምንተኛ። ዲዉ ይሄን ሲል ስምንት ጣሳ ደርድሮ ነበር። አምስተኛው ቀይ ዘይት ቀለም ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይሄ እኛ።»

ሌሎቹስ? ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አነሣቸው። ዘመን ሲያልፍ ወደ ሌላ ስም ዞሩ፣ ጠፉ። አምስተኛዎቹ እንኳ ብዙዎቹ አሳጥረውታል። ሙሉውን ይዘው የቀሩት ጥቂት ናቸው። በአገሩም ቢሆን ሰው አያምነውም፤ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን መምህሩ «ስምህን ነው የጠየቅሁህ፣ ተራህን አይደለም» ብሎ አስቆመው። አሁንም ድረስ እውነተኛው ስምህ ማን ነው ይሉታል።

አዘንኩለት። እዚያም «ምንድን ነህ?»፣ እዚህም «ምንድን ነህ?»

የሠራሁት ስሕተት፦ በሩ ክፍት ነበር፣ የባጃጅ ሾፌሩ መስፍን ቆሞ ይሰማ ነበር። መስፍን የሰማውን ከተማችን ጭሮ ለመስማት አንድ ዙር ይበቃታል።


ሐሙስ፣ ጥር 15

አንድ ዙር እንኳ አልፈጀም።

ጠዋት ጫት ተራ የተሰማ፦ «አምስተኛ ሚስቱ ልትሆን ነው አሉ።» ረፋዱ ላይ ዳቦ ቤት የተሰማ፦ «አራት ጊዜ ታስሮ በአምስተኛው ያመለጠ ነው።» ከሰዓት በኋላ ከአንዲት የመዘምራን እህት፣ በጸሎት ርእስ መልክ፦ «ያ በቁጥር የሚጠራውን ልጅ ጌታ ስም ይስጠው።»

ማታ አልማዝ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል።

«ደምሴ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ? ግርማ እኮ ቁጥር የሚሰጠው ለእስረኛና ለከብት ነው እያለ ምሳውን ሳይበላ ወጣ!»

«የንጉሥ ዘር ነው እኮ አልማዝ። ቲየን የሚባል ቤት…»

«ንጉሥ ከሆነ ማን ቆጠረው?»

ይቺ እህቴ ፍርድ ቤት ብትሠራ ኖሮ ከተማው ባዶ ይቀር ነበር።

ከዚያ የሚያስፈራውን ነገረችኝ። ምሕረት ትናንት ደውላ ለአባቷ፣ «አባዬ፣ እሑድ እንቢ ካልክ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን» አለችው። እሱም «ያን ቀን ልጅ የለኝም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሁለቱም እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። አንድ ዓይነት አገጭ ነው ያላቸው። አልማዝ መሐል ቆማ ለማን እንደምታለቅስ እንኳ አላወቀችም፤ ለኔ አለቀሰችልኝ። ሻይ ባፈላላትም አልጠጣችም።

እሷ እንደወጣች ለዲዉ ደወልኩ። «ሰባት አባትህን ቁጠርልኝ፣ አሁን!»

አባቱን አለ። አያቱን አለ። ቅድመ አያቱን አለ።

«ቀጥል!»

«አለቀ፣ አጎቴ።»

የዘር መጽሐፍ ነበራቸው፤ አያቱ ልጅ ሳሉ፣ አሮጌ ነገር ሁሉ ይቃጠል በተባለበት ጊዜ፣ አብሮ ተቃጠለ። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት የሆነውን ያውቃል። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ማን እንደወለዳቸው አያውቅም። ጭንቅላትና ጅራት ያለው፣ መሐሉ የጠፋ ዘር ይዤ ነው ግርማ ፊት የምቆመው።


ዓርብ፣ ጥር 16

አራት አባት ፈጠርኩ።

ምን ላድርግ? ግርማ ቻይና ሄዶ አያጣራ። ሦስት እውነተኛ አሉ፣ አራት ጎደሉ። አንዱን ከፔርሙስ ቂጥ ላይ አገኘሁት፣ ሁለተኛውን ምሕረት ከምታየው ተከታታይ ፊልም፣ የቀሩትን ሁለቱን ድሮ መንገድ ሲሠራ ከነበሩ ሁለት ኢንጂነሮች ተዋስኩ። ሊ፣ ቼን፣ ዋንግ፣ ሹ። በልቤም «ደምሴ፣ አንተ እኮ ለአብርሃም ዘመን ትሆን ነበር» አልኩ።

በስልክ ለዲዉ አነበብኩለት። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

ለካ እነሱ ጋ የዘሩ ስም ነው ከፊት የሚመጣው፤ ከአባት ወደ ልጅም አይለወጥም። የአምስተኛ አባቶች ሁሉ አምስተኛ ናቸው። እኔ ከአራት የተለያየ ቤት አራት አባት አምጥቼ ሰፍቼለታለሁ። «አጎቴ፣ እንደዚህ ከሆነ አያቶቼ ሴቶቹ በጣም፣ በጣም ሥራ በዝቶባቸዋል» አለኝ።

እሺ፣ አስተካክዬ በአምስተኛ የሚጀምሩ አራት ላምጣ አልኩ። አሁን አልሳቀም። «አይሆንም። ሦስት እውነት አሉኝ። ውሸት አባት አልፈልግም።»

«ምሕረትንስ አትፈልግም?»

ባቡር ሲያልፍ ከጀርባው ይሰማኝ ነበር። «እፈልጋለሁ» አለና ስልኩን ዘጋ። እሷን ወይስ እውነቱን እንደሚያስበልጥ አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ዩሱፍ ጋ ሄድኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ እሱ ነው፤ ጎረቤቴ፣ ጫት ነጋዴ፣ የግርማ የልጅነት ጓደኛ። ያሰብኩትን ነገርኩት። ጉንጩ ሙሉ ስለነበር መጀመሪያ በዓይኑ ነው የሰደበኝ።

«አቦ ደምሴ! በገበያ ዋሽ፣ በታፔላ ዋሽ፤ አንድ ወንበር ላለው ምግብ ቤት ‹ሆቴል› ብለህ ጽፈሃል፣ አላህ ይማርህ። በአባት መዋሸት ግን ሐራም ነው፣ ወላሂ! በሐራም ኒካህ አላስርም።»

«ታዲያ እሑድ ምን እንላለን?»

«እሑድ እንሄዳለን። ኢንሻአላህ አፋችን አብሮን ይሄዳል።»

ይሄ ነው እንግዲህ ምክሩ።


ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዲዉና ምሕረት ከሚኤሶ መጡ፤ ለነገው ልምምድ። የእኔ ትልቁ ሥጋት «አንተ» ነው። ዲዉ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ከተማረ ወዲህ ወዶት ለባጃጅ ሾፌር፣ ለሊስትሮ፣ መንገድ ለዘጋችበት ፍየል ሁሉ «እርስዎ ይለፉ» ይላል። ግርማ ፊት ሲቆም ግን ፍርሃት አእምሮውን ይዘጋውና «አንተ ደህና ነህ?» ይላል። አምና ብሎታል። ግርማ እስከ ዛሬ ያነሣዋል።

ስድስት ጊዜ ግርማን ሆኜ በር ላይ ቆሜለታለሁ። ስድስቱንም «እርስዎ» አለኝ። ሰባተኛውን ተውኩት፣ ጥሩ ላይ ማቆም ይሻላል።

ከዚያ እናቱ በቪዲዮ ደወለች። ምሕረት እጇን ስታወዛውዝ እናትየው ፈገግ አለች፣ ግን ዓይኗ የእኔው እህት ዓይን ነው፤ እንቅልፍ ያጣ። ብዙ ተናገረች። ዲዉ ቆይቶ ተረጎመው፦

«የልጅቷ ዘር ማን ይባላል ትላለች።»

«ለምን ፈለገችው?»

«እኛ ከቲየን የመጣን ሁሉ አንጋባም። አንድ ቤት ነን። እሷም ከዚያ እንዳትሆን ትፈራለች።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ጭሮ ውስጥ ቲየን እንደሌለ በክብሬ ማልኩ። አላመነችም። እሺ፣ የአባቷ የዘር ስም ማን ነው? የለንም፤ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጁ ልጅ ደግሞ የልጁን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል አልኳት። ዲዉ ሲተረጉምላት ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ። ታዲያ ከአያት በኋላ ማን የማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

«በሽማግሌ» አልኩ።

ዲዉ ይሄን ሳይተረጉም ቀረ።

ግርማና ይቺ ሴት ቋንቋ ቢኖራቸው ኖሮ በአንድ ቀን ይግባቡ ነበር፤ ተባብረውም ሠርጉን ይሰርዙት ነበር።

ምሕረት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ ያልኩት… አባዬ በሌለበት ማግባት እኮ አልፈልግም።» እንደዚያ ስትል የስድስት ዓመት ልጅ መሰለችኝ። በዚያ ዕድሜዋ የትምህርት ቤት ታፔላ ስጽፍ መሰላሉን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። «ነገ እናያለን» አልኳት። ምን እንደምናይ እግዚአብሔር ይወቀው።


እሑድ፣ ጥር 18

አልቋል። ማለቴ አላለቀም። በተራ ልጻፈው።

ግርማ ከአምልኮ በኋላ በሱፍ ልብሱ ጠበቀን። «ቁጭ በሉ» አላለም። ሽማግሌ እስኪፈቀድለት ይቆማል፣ እኛም ቆምን። ዲዉ ጎንበስ ብሎ፣ «እርስዎ እንደምን አሉ?» አለ። ተመስገን! አንድ ድል። ሌላ ድል አልነበረም።

«አባቶችህን ቁጠር» አለው ግርማ።

ዲዉ አባቱን ጠራ። አያቱን ጠራ። ቅድመ አያቱን ጠራ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ፣ ልደብቀው አልችልም፣ አራቱ የተስተካከሉ አባቶች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ሐጂ ዩሱፍ በክርኑ ጎሸመኝ። እጄን ከኪሴ አወጣሁ፣ ባዶውን።

«ከዚህ በላይ አላውቅም» አለ ዲዉ። «የመጀመሪያውን ግን አውቃለሁ።» ከዚያም በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ሁሉንም ተናገረ፤ ባሕሩን፣ የወደቀውን መንግሥት፣ የፈራውን ንጉሥ፣ በትእዛዝ መነሣቱን፣ ስምንቱን። «ሌሎቹ ስም ቀየሩ። እኛ አልቀየርንም። ቁጥር ነው፣ ግን የእኛ ነው።»

«ሦስት» አለ ግርማ። «ሰባት ነው ያልኩት።»

ይሄኔ ሐጂ ዩሱፍ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳይጠየቅ የራሱን ይቆጥር ጀመር። ከአባቱ ተነሥቶ እንደ ተስቢሕ መቁጠሪያ ዶቃ ያወርዳቸዋል፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ ጎሣው ድረስ፤ በልጅነቱ ሳይቆጥር እራት የማይሰጡት ይመስል። ጨርሶ ትንፋሹን ሳበና በወዳጅ ድምፅ፣ «በል ግርማ፣ አንተም ቁጠርልን፤ ለሙሽራው ወገን መስማት ወግ ነው» አለ።

ግርማ ቆጠረ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን። አራተኛውንም ጠራ። አምስተኛው ላይ ቆመ።

የፈጠርኩት አይደለም፤ ብፈጥረው ኖሮ ሰው እንዲያምነኝ በስድስተኛው ላይ አቆመው ነበር። ቆመ። አልማዝ ከጓዳ በር ላይ ሆና መጋረጃውን ጨብጣለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ ይሄን እንደማታውቅ ከፊቷ ገባኝ።

«አባቴ…» አለ ግርማ፣ ወደ ምንጣፉ እያየ። «አባቴ ከዚህ በላይ አትጠይቁ ይለን ነበር። ወደዚህ አገር የመጣው አራተኛው አባታችን በትእዛዝ ነው የመጣው። ሲደርስ ሌላ ስም ሰጡት። የድሮውን ለልጆቹ አልነገረም።»

ዲዉ፣ ሁሉም አልገባውም መሰለኝ፣ በለሆሳስ «አይዞዎት» አለው። ይሄን ደግሞ አላስተማርኩትም።

ግርማ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ፣ «ቁጭ በሉ» አለን። ተቀመጥን። እፎይ ልል ስል ቀጠለ፦ «እንጸልይበት።»

እንጸልይበት! እኛ ቤተ ክርስቲያን ይቺ ቃል ፊቷን የታጠበች «እንቢ» ናት። ስንት ሠርግ፣ ስንት የግንባታ ኮሚቴ በእሷ ተቀብሯል። ስንወጣ ሐጂ ዩሱፍ «ገሪዳ፣ ደህና ነው» አለኝ። ምኑ ነው ደህናው? ምሕረትም በር ላይ ይሄንኑ ጠየቀችኝ። አባቷን ላዋርደው አልሄድኩም ነበር። ቢጠላንስ? ሰው የራሱን ጉድለት ያሳየውን ሰው ይወዳል?


ሰኞ፣ ጥር 19

ጠዋት ምንም። አንድ ታፔላ ጀመርኩና «ጸጉር ቤት» የሚለውን «ጸጸት ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቷ ሳታይ አጠፋሁት።

አልማዝ ስልክ አታነሣም። ምሕረት በየሰዓቱ ትደውላለች፤ «ደወለ?» «አልደወለም።»

በምሳ ሰዓት ግርማ ደወለ። ሰላምታ የለም።

«የልጁ ስም ማን ነው?»

«ዲዉ ነዋ።»

«እሱ የሁላቸውም አይደል? የአባቱም፣ የአያቱም? ትናንት እሱ ራሱ ተናገረ እኮ። የራሱን ስም ነው የምጠይቅህ። እናቱ ያወጣችለትን።»

ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄጃለሁ። የወደቁ መንግሥታትን፣ ስምንት ጣሳ ሙሉ ባላባት አውቃለሁ። የልጁን ስም አላውቅም። እኛ አገር የፊተኛው ስም የሰውየው ነው ብለን ጭሮም ሚኤሶም ስንጠራው የኖርነው ሙሉ ዘሩን ነው።

«ቆይ መልሼ ልደውልልህ» አልኩ።

ምሕረትን ጠየቅኋት። «ሃይታዎ ነዋ!» አለችኝ። ሃይታዎ! ሁልጊዜ እንደዚያ ስትለው እሰማ ነበር፤ በቻይና «የኔ ፍቅር» እንደማለት መስሎኝ እያፈርኩ ፊቴን አዞር ነበር። የባሕር ማዕበል ማለት ነው አለችኝ።

ለግርማ ደወልኩ። «ሃይታዎ» አልኩት። «ሃይ… ታዎ» አለ። ደገመው። እንደ አዲስ መዝሙር ሰለሰው። ትርጉሙን ስነግረው «ባሕር ለሌለው አገር» አለ። ሲስቅ የሰማሁት መሰለኝ፤ ምናልባት መስመሩ ይሆናል።

«ለምን ፈለግኸው ግርማ?»

«አማቼን በጎሣው ልጥራው ወይ? ደግሞ አዳራሹ ላይ የሙሽሮቹን ስም የምትጽፍ አንተ ነህ። ቁጥር እንዳትጽፍብኝ!» ብሎ ዘጋው። ከመዝጋቱ በፊት ከጀርባው የአልማዝን ድምፅ ሰማሁ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምሳ ቀርቧል» እያለች ነበር።

እንግዲህ እሺ ብሏል። እሺ ነው አይደል? ቃሉን አልተናገረም፤ ግን አማቼ ብሏል። ሐጂ ዩሱፍን ልጠይቀው።

ምሕረት ስልኩ ላይ ምን እንዳለች መጻፍ አልችልም፤ አብዛኛው ለቅሶ ነበር።

አሁን ነጭ ሰሌዳ ፊት ብሩሽ ይዤ ቆሜያለሁ። «ምሕረት» የሚለውን ጽፌዋለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። የሙሽራውን እንዴት ላድርገው? ሃይታዎ ዲዉ? እንደኛ ካስቀደምኩት ሰው ሁሉ የዲዉ ልጅ ነው ይላል፤ በአባት ማንም የዲዉ ልጅ አይደለም፣ በዘር ሁሉም የዲዉ ልጆች ናቸው። ዲዉ ሃይታዎ ካልኩ ደግሞ ግርማ አይቶ «ቁጥሩ ለምን ከፊት ሆነ?» ይለኛል። የግርማ የልጅ ልጅስ ነገ ማን ተብሎ ይጠራል? ሃይታዎ የአባቱ ስም ሆኖ አምስተኛው ጭሮ ላይ ሊያልቅ ነው? ይሄን ገና ማንም አልጠየቀም። ልትጠይቅ የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ጻፍኩት። ሃይታዎ ዲዉ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። እናቱ ሳትደውል እንዲደርቅ እየጠበቅሁ ነው።